ስለ አዲስ መጠጥ ቤት ፈቃድና ስለ ጎረቤት ምስክርነት

በአንድ ሰፈር አዲስ መጠጥ ቤት ለመክፈት ፈቃድ በተጠየቀ ጊዜ በዚያ ሰፈር የሚኖሩ ካህናትና ምእመናን ምን ማድረግ ይገባቸዋል? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲታይ የንግድ ጽሕፈት ቤት እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን ቤቱ ከተከፈተ በኋላ የሚከተለው ሁሉ፥ ይኸውም የባልና የሚስት ጠብ፥ የገበያ ገንዘብ መጥፋት፥ የልጆች ከትምህርት መቅረት፥ ወደ ንስሐ አባት ደጅ መምጣቱ አይቀርም። ካህኑ ነገሩን የሚሰማው በመጨረሻው ነው፤ በመጀመሪያው ግን አልነበረበትም። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነና እንዴት ሊቃና እንደሚችል ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አምበርን ለምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው የመኪና መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። መንገድ ባለበት መኪና ነጂ አለ፤ መኪና ነጂ ባለበት ምግብ ቤትና አልጋ ቤት አለ። ጤፉንና ስንዴውን ሸጦ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ገበሬም በዚሁ መንገድ ዳር ያልፋል። በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያኑና በትምህርት ቤቱ መካከል ቤት ተከራይቶ መጠጥ ቤት ልክፈት ብሎ ቢያመለክት ነገሩ እንዴት ሊታይ ይገባዋል? የምንናገረው ስለ አንድ ስለ ታወቀ ሰው አይደለም፤ በብቸናም በሞጣም በሌላም ከተማ ሊደርስ ስለሚችል ነገር ነው።

ጠላ ቤት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ያየ መንገደኛ ጠላ መኖሩን ዐውቆ ይገባል። ብቅል አብቅላ፥ ጌሾ ወቅጣ፥ አሻሮ ቈልታ፥ ጠንስሳ የምትሸጠው ሴት ብዙ ጊዜ ባል የሞተባት ወይም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። ጠጪዎቹ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ የእገሌ ሚስት አራስ መሆኗን፥ እገሌም በሬውን ሸጦ መምጣቱን ታውቃለች። ጠላው ባለቀ ጊዜ ሌላው ጥንስስ እስኪደርስ ድረስ ጣሳው ይወርዳል። ይህን ስንል በጠላ ቤት ስካርና ጠብ የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ፤ አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ነገር ግን ልጓም አለው፤ ልጓሙም መተዋወቅና የጋኑ መጠን ነው።

አዲሱ ቤት ግን ሌላ ነው። ስሙ ቡና ቤት ይባላል፥ ቡናው ግን ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ወይም ግሮሰሪ ይባላል፥ ቃሉን የተዋስንባቸው ሰዎች ግን ግሮሰሪ የሚሉት ስኳርና ሳሙና የሚሸጥበትን ሱቅ ነው። ሳጥኑ ባለቀ ጊዜ በማግሥቱ ሌላ ሳጥን ይተካል፤ ድምፅ ማጉያውም በውስጥ ላሉት ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። የምትቀዳውም ከሩቅ አገር የመጣች ደሞዝተኛ ወጣት ስለ ሆነች የሚጠጣውን ሰው አታውቀውም፤ ይበቃሃል ለማለትም ሥልጣን የላትም። እርስዋም ራስዋ የማን ልጅ እንደ ሆነች የሚጠይቅላት የለም። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ከያዘ ወዲህ የቅዱሱ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ በየመንገዱ ወድቆ ማየትን ለምደነዋል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ እዚህ ላይ እንለፈው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን ርኩስ ነው ብላ አታስተምርም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ በሰርግ ቤት ውሃውን ወይን አድርጓል (ዮሐ. 2፥1-11)። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ387 ዓ.ም.፥ ስለ ሐውልቶቹ የሚባሉትን ትምህርቶች ሲያስተምር በመጀመሪያው ይህንኑ ምክር መነሻ አድርጎ፥ ጥፋቱ የሰካራሙ እንጂ የወይኑ እንዳይደለ፥ ስለ ሰካራሞች ብሎም የእግዚአብሔርን ስጦታ መንቀፍ እንደማይገባ በሰፊው ተርጕሟል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መጠጡን ሳይሆን ቤቱን ነው፤ ማለት የት እንደሚከፈት፥ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቈይ፥ ለማን እንደሚሸጥ ነው።

ስለ ቤትና ስለ ጎረቤት ደግሞ ኦሪት ብዙ ትናገራለች። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከላይ ወድቆ የሞተ እንደ ሆነ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። የእኛ ቤት ክዳኑ ሣር ወይም ቆርቆሮ ስለ ሆነ፥ በላዩም የሚመላለስ ሰው ስለሌለ፥ ይህ ትእዛዝ ለሌላ አገር የተሰጠ ይመስለናል። ነገር ግን ሕጉ ቤት አትሥራ አላለም፤ ሰገነትም አይኑርህ አላለም። ሰው በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ሊወድቅ የሚችል ሰው መኖሩን አስቀድመህ አስብ ማለቱ ነው። መጠጥ ቤትም ሰዎች ወደ ከፍታ የሚወጡበትና የሚወድቁበት ቤት ስለ ሆነ መከታው ምን እንደ ሆነ ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ አግባብ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 የተጻፈው የተዋጊ በሬ ሕግ ነው። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ዳሩ ግን በሬው ከቀድሞ ጀምሮ ተዋጊ እንደ ነበረ ለባለቤቱ ተመስክሮለት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል በባለቤቱ ላይ የሞት ፍርድ አለ (21፥28-29)። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስተውል። በሁለቱ ነገሮች በሬው ያው በሬ ነው፤ የሞተውም ያው ሰው ነው። ፍርዱን የለወጠው ምስክርነቱ ነው። ጎረቤት መጥቶ በሬህ ይዋጋል ብሎ ከተናገረ በኋላ ባለቤቱ አላወቅሁም ነበር ሊል አይችልም። ጎረቤት ዝም ካለ ግን ባለቤቱ በእውነት ላያውቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕዳው በከፊል በዝምተኛው ላይ አይሆንምን? በዚያው ምዕራፍ ስለ ጕድጓድም ተጽፏል፤ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የጎረቤቱ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል (21፥33-34)። የአህያ ዋጋ ይህን ያህል ከተጠበቀ የሰው ልጅ ዋጋ ምን ያህል ይሆን!

በእኛ ዘንድ የተለመደው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ፈቃዱ ሲጠየቅ ማንም አይናገርም፤ አንዱ ቂም እንዳይያዝበት፥ ሌላው የአመልካቹ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ሌላውም ቤቱን ያከራየው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ ዝም ይላል። ቤቱ ተከፍቶ አንድ ወጣት በስለት ተወግቶ ከወደቀ በኋላ ግን ሁሉም ተናጋሪ ይሆናል፤ በዐውደ ምሕረትም ተግሣጽና ውግዘት ይሰማል። ከጥፋት በኋላ የሚሰማ ቃል ግን ሐዘን እንጂ ምስክርነት አይደለም።

አሁን ወደ አገሩ ሕግ እንምጣ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ለንግድ ሥራ ሁሉ ምዝገባና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፥ ለአንዳንዱም ሥራ የብቃት ማረጋገጫ እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። በዚህ የወረቀት ሥራ ዋናው ነገር የነጋዴው ማንነት፥ የግብር ከፋይነቱ ቍጥርና የቤቱ አድራሻ ነው፤ ጎረቤት በዚህ መካከል የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ነገር ግን ሌሎች በሮች አሉ፤ ብዙ ምእመናንም አያውቋቸውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረ ሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 1225 ባለ ንብረት በንብረቱ ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፥ ጢስ፥ ክፉ ሽታና ጩኸትም ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል። ይህ ሕግ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሌሊት ድምፅ ማጉያ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ ሲያማርር እንሰማለን፤ ይህን ቍጥር ጠቅሶ ሲያመለክት ግን ብዙም አንሰማም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይነገር የነበረውንም የአልኮል ማስታወቂያ አስቁሟል። ማስታወቂያው በእውነት ጠፍቷል፤ የዕድሜው ክልከላ ግን በእያንዳንዱ ቤት በር ላይ የሚፈጸም ስለ ሆነ ጠባቂ ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ልጆችም ከመምህራቸው ርቀው ቈይተዋል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ሲያጣ ክፍት ሆኖ የሚያገኘው በር የመጠጥ ቤቱ በር ብቻ እንዳይሆን ያሳስበናል።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ለምን በአንድ ቃል አትከለክልም? የሚል ይኖራል። ታቦት ካለበት በዚህን ያህል ርቀት መጠጥ ቤት እንዳይከፈት አስተዳዳሪው ማኅተም ይዞ እንዲወስን ቢደረግ ነገሩ የሚያልቅ ይመስላል። በዚህ ረገድ በአሜሪካ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በቀድሞ ሕግ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት በ500 ጫማ፥ ማለት በ150 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ቤት የመጠጥ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ከተቃወመ ፈቃዱ አይሰጥም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በኬምብሪጅ ከተማ ግሬንድልስ ዴን የሚባል ምግብ ቤት ፈቃድ ጠየቀ። ከቤቱ 10 ጫማ ብቻ የሚርቀው የአርመን ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ስለ ተቃወመ ተከለከለ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ዓ.ም. ስምንት ዳኞች በአንድ ወገን፥ አንድ ዳኛ በሌላ ወገን ሆነው ሕጉን ሽረውታል። ምክንያታቸውም መንግሥት የራሱን የፍርድ ሥልጣን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም የሚል ነው። ነገር ግን መንግሥት ራሱ በአብያተ ክርስቲያናትና በትምህርት ቤቶች አጠገብ መጠጥ ቤትን ሊከለክል እንደሚችል፥ ሹማምንቱም ነገሩን ሲመረምሩ የቤተ ክርስቲያኑን ተቃውሞ ሰምተው ዋጋ ሊሰጡት እንደሚችሉ አልካዱም።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ፥ አንዱ በሌላው ሥራ እንዳይገባ ስለሚል ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለእኛ ግን ከሕጉ በተጨማሪ ሌላ ምክንያት ይታየናል። ማኅተሙ በካህኑ እጅ ቢሆን ኖሮ ፈቃድ ፈላጊ ሁሉ ወደ ካህኑ ቤት ይመጣ ነበር፤ ባዶ እጁንም አይመጣም ነበር። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የንጉሡ እናት ልጇን ስትመክር ገዦች ጠጥተው ሕጉን እንዳይረሱ፥ የድኾችንም ፍርድ እንዳያጣምሙ ታስጠነቅቃለች። ይህ ምክር ስለ መጠጥ ቤት በሚወስን ሹም ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያስፈልግም፤ የፈቃዱ ነገር ከዚያው ከሚፈቀደው ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዳይጨረስ ይጠበቅ። ካህኑ ምስክር ቢሆን ይሻለዋል፤ ዳኛ መሆን ለምስክር ከባድ ነው።

እንግሊዞች የሠሩትን ሥርዓት ደግሞ በጎ ሆኖ አግኝተነዋል። በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጡት ሕግ መሠረት መጠጥ ቤት ሊከፍት የሚፈልግ ሰው በቤቱ ደጅ ላይ በሰማያዊ ወረቀት ማስታወቂያ ለጥፎ 28 ቀን ይቈያል። በነዚህ ቀኖች ማንኛውም ሰው ለአካባቢው ምክር ቤት በጽሑፍ ሐሳቡን ማቅረብ ይችላል። ሐሳቡ ግን ከአራት ነገሮች ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ እነርሱም ወንጀልና ሁከትን መከላከል፥ የሕዝብ ደኅንነት፥ ጎረቤትን የሚያውክ ነገር እንዳይኖር ማድረግና ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ ናቸው። መጠጥ አልወድም የሚል ተቃውሞ አይሰማም፤ ከሌሊቱ በዚህ ሰዓት ልጄ አልተኛም የሚል ግን ይሰማል። በአምበርም ቢሆን እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት በቤቱ ደጅ ላይ ለአንድ ወር ቢለጠፍ የሚጠይቀው ወጪ የማጣበቂያ ዋጋ ብቻ ነው፤ የወረዳው አስተዳደር ቢያስብበት ደስ ይለናል።

ነገር ግን ምስክር ከመቆሙ በፊት እጁን ያያል። የሐዋርያት ቀኖና ካህን በመጠጥ ቤት ገብቶ ሲበላ ቢገኝ እንዲለይ ያዝዛል፤ በመንገድ ሳለ በግድ ያደረ ካልሆነ በቀር። የሎዶቅያ ሲኖዶስም በ24ኛው ቀኖና ከካህናት እስከ ዝቅተኛው አገልጋይ ድረስ ወደ መጠጥ ቤት እንዳይገቡ ይከለክላል። ቅዳሜ ማታ በመጠጥ ቤቱ ወንበር ላይ የታየ ዲያቆን ሰኞ ጧት የተቃውሞ ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ የንግድ ሹሙ ፈገግ ብሎ ይቀበለዋል እንጂ አያነበውም።

ስለ ሰንበቴና ስለ ተዝካርም ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። ሰንበቴ የፍቅር ማእድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ዳቤው ተቈርሶ ጠላው ተቀድቶ ድኻውና ባለጠጋው፥ መንገደኛውና የቈሎ ተማሪው በአንድነት የሚቀምሱበት ነው። በዲማ፥ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተማረ ሁሉ የሰንበቴ ጠላ ስንት ቀን ረኀቡን እንዳስታገሰለት ያስታውሳል። ነገር ግን አንዳንዱ ሰንበቴ እስከ ማታ የሚዘልቅ፥ አንዳንዱም ተዝካር ለሙት ነፍስ መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ ድኻው ተበድሮ የሚደግሰው የመጠጥ ውድድር ሆኖ ይታያል። ልጆቻችን ስካርን መጀመሪያ የሚያዩት በመንገድ ዳር ቤት ነው ወይስ በአጎታቸው ተዝካር? ይህን ለየራሳችን እንመልስ። የሰንበቴው ሙሴ ጽዋውን በልክ ካስቀዳ፥ ማኅበሩም ከመሸ በፊት ከተበተነ፥ ለባለ መጠጥ ቤቱ የምንለው ቃል ክብደት ይኖረዋል።

ሌላም የምንፈራው ነገር አለ። ቍጥጥር በተነሣ ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የሚወርደው የጠላ ሻጪዋ ጣሳ ነው፤ ማቀዝቀዣና ድምፅ ማጉያ ያለው ቤት ግን ግብር ከፋይ ነው ተብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ፍርድ የአራት ልጆችን ቍራሽ ነጥቆ ለትልቁ ቤት ገበያ ማስፋት ነው። ስለዚህ ካህናት ስለ መጠጥ ቤት ሲናገሩ ነገራቸው ሁሉንም በአንድ የሚጠርግ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ጠላ ሻጪዋ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር የሚወድ ሰበካ ቢኖር መነሻ ገንዘብ ያዋጣላት፤ ሳያዋጣ ግን ጣሳሽን አውርጂ አይበላት።

አሁን ስለ ደብዳቤው እንናገርና እንጨርስ። በሰበካ ጉባኤው ተመክሮበት የሚጻፍ ቃል አጭርና እርግጠኛ ይሁን። የቤቱ ደጅ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ተለክቶ ይጻፍ። ማሕሌት በሚቆምበትና ኪዳን በሚደርስበት ሰዓት ድምፅ ማጉያው እንዳይከፈት፥ በሌሊት የሚዘጋበት ሰዓት እንዲወሰን፥ 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ በበሩ ላይ እንዲጻፍ፥ በዚያ የሚሠሩትም ሴቶች ውልና ማደሪያ እንዲኖራቸው ይጠየቅ። ስድብ አይጨመርበት፤ የሰማዕታት ስም እየተጠራም አይዛትበት። ከታች የሚፈርሙት ካህናት ብቻ አይሁኑ፤ መምህራን፥ እናቶች፥ በዚያ ሰፈር የሚኖሩ እስላም ጎረቤቶችም እንቅልፋቸው አንድ ስለ ሆነ ይፈርሙ። ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነም በር አልተዘጋም፤ የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ድረስ የሚታደስ ስለ ሆነ በዓመቱ የታየውን ነገር ቀንና ሰዓቱን እየጻፉ ይዘው በዚያ ወራት ይቅረቡ።

ባለ ቤቱም የሰው አገር ሰው ሆኖ አይታይ። ምናልባት እዚያው ሰፈር ክርስትና የተነሣ፥ የሚያሳድገውም ልጅ ያለው ነው። ደብዳቤው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄዱ በፊት የንስሐ አባቱ አንድ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድና ያነጋግረው፤ የሚጻፈውን ሁሉ አስቀድሞ ከእነርሱ አፍ ይስማው። በሰዓቱ እዘጋለሁ፥ ድምፁን አሳንሳለሁ፥ ለልጆች አልሸጥም ብሎ ቢቀበል ቃሉ በሽማግሌው ፊት ይጻፍና ፊርማውን ያኑር፤ ደብዳቤውም ከዚያ በኋላ በሚያስፈልገው መጠን ይታረም።